ሠዓሊ፣ ዲዛይነር፣ ጸሐፊ፦ ደጋግማችሁ የምትጠይቁኝ ጥያቄዎች

ስለ ሥራዬ የምጠየቀው ጥያቄ ታክሲ ውስጥ ይመጣል፣ ሠርግ ቤት ይመጣል፣ ኤግዚቢሽን ላይ ይመጣል፣ አሁን አሁን ደግሞ በቴሌግራም በቀን ሦስት አራት ጊዜ ይመጣል። ከጠያቂዎቹ ብዙዎቹ የ12ኛ ክፍል ተማሪዎችና ያሉበት ሥራ የሰለቻቸው ወጣቶች ናቸው። ለእያንዳንዱ በተናጠል ስመልስ ግማሹን እረሳለሁ። ስለዚህ አንዴ ረጋ ብዬ ልጻፈው አልኩ።

ቆይ፣ ሥራሽ በትክክል ምንድነው?

እሥላለሁ፣ ዲዛይን እሠራለሁ፣ እጽፋለሁ። ሥዕሉ ሸራ ላይ ነው። ዲዛይኑ የመጽሐፍ ሽፋንና የውስጥ ገጽ፣ ሎጎ፣ የማርና የበርበሬ ማሸጊያ፣ አንዳንዴም የሱቅ ታፔላ ነው። ጽሑፉ አጫጭር ልቦለድና የልጆች መጻሕፍት።

ሦስቱ ከውጭ ሲታዩ የተለያዩ ይመስላሉ። ለኔ ግን አንድ ናቸው። በምሳሌ ልንገራችሁ። የምኖረው አዲስ አበባ ዳር፣ ካራ ነው፣ ከየካ ተራራ ሥር። ጠዋት ጠዋት ጭራሮ ተሸክመው ከባሕር ዛፉ መሐል የሚወርዱ እናቶችን አያለሁ፤ ጎንበስ ብለው፣ ሸክሙ ከቁመታቸው በልጦ። ሦስት ዓመት ሣልኳቸው። የጀርባቸውን መስመር ያዝኩት፣ የሸክሙን ክብደት ያዝኩት፣ ግን አንድ ነገር አመለጠኝ። ሲወርዱ ያወራሉ። ይሳሳቃሉ፣ የልጅ ደብተር ዋጋ ያሰላሉ፣ ስለ ዕቁብ ይከራከራሉ። ያንን ወሬ ሸራ ላይ ማስቀመጥ አልቻልኩም። ስለዚህ ጻፍኩት። ጽሑፉ ካለቀ በኋላ ደግሞ ረጃጅሙ አንቀጽ እነሱን አልመስል አለኝ፤ ሸክም ያለበት ሰው በአጭር በአጭሩ፣ በትንፋሹ ልክ ነው የሚያወራው። መስመሩን አሳጠርኩ፣ ኅዳጉን አሰፋሁ፣ ገጹን እንደገና ነደፍኩት። ሥዕሉም፣ ጽሑፉም፣ ንድፉም የተገናኙት እዚያ ገጽ ላይ ነው። ሥራሽ ምንድነው ስትሉኝ ያንን ገጽ ነው የማሳያችሁ።

አንዱን ሙያ ይዘሽ ብትዘልቂ አይሻልም ነበር?

ይሄን በተለይ ታላላቆቼ ይጠይቁኛል፣ በቅንነት። "ከሁለት ያጣሽ እንዳትሆኚ" ይሉኛል። ስጋታቸው ይገባኛል።

ነገር ግን የብራና ቁም ጸሐፊን አስቡት። ቆዳውን ይወጥራል፣ ይፍቃል፣ ያለሰልሳል። ጥቁሩን ቀለም ከጥላሸትና ከቅጠል ይበጠብጣል። ብዕሩን ከሸምበቆ ይቀርጻል። ገጹን በወስፌ ወጋ ወጋ አድርጎ ያሰምራል፤ ዛሬ እኛ ኮምፒውተር ላይ ግሪድ የምንለው ማለት ነው። ከዚያ ይጽፋል፣ የቅዱሳኑን ስም በቀይ ይለያል፣ ከገጹ አናት ላይ የጌጥ ሐረግ ይጥላል። ሥዕሉን አንዳንዴ ራሱ፣ አንዳንዴ ሌላ ባለሙያ ይሠራዋል። በመጨረሻ ይጠርዘዋል፣ የእንጨት ገበታ ያለብሰዋል። ይህን ሁሉ ሲሠራ አንዱን ምረጥ ያለው ሰው አልነበረም።

ወደኛ ዘመን ስትመጡም ያው ነው። ገብረ ክርስቶስ ደስታ ሠዓሊም ገጣሚም ነበር። ሐረር ተወለደ፣ አባቱ የብራና መጻሕፍት ሥዕል የሚሠሩ ካህን ነበሩ፣ እሱ ደግሞ ጀርመን ኮሎኝ ተምሮ መጣ። ግጥሙን ካነበባችሁ በኋላ ሥዕሉን እዩት፤ ቃል የሚመርጥበትና ቀለም የሚመርጥበት መንገድ አንድ ዓይነት ነው። የዓለም ሎሬት አፈወርቅ ተክሌ ወደ እንግሊዝ የተላኩት የማዕድን ምህንድስና እንዲማሩ ነበር። ሠዓሊ ሆነው ተመለሱ። የአፍሪካ አዳራሹ 150 ካሬ ሜትር ባለቀለም መስታወት የሳቸው ሥራ ነው፤ ሐውልት ሠርተዋል፣ ቴምብር ነድፈዋል። አሁን በሕይወት ካሉት ደግሞ ኤልያስ ስሜን እዩ። የኤሌክትሪክ ሽቦና የተጣለ የኮምፒውተር ሰሌዳ ይዞ እንደ ጥልፍ ይሠራበታል፣ ከመስከረም አሰግድ ጋር ሆኖ ደግሞ መካኒሳ አካባቢ ያለውን ዞማ ሙዚየም በጭቃና በጭድ ገንብቷል። ዞማን ካላያችሁ አንድ ቀን ሂዱ። እኔ የመጀመሪያ ቀን ግድግዳውን በእጄ ስዳስስ ነው የዋልኩት።

አንድ ነገር ግን አጥብቄ እናገራለሁ። ሦስቱንም በአንዴ አትጀምሩ። እኔ አምስት ዓመት ሙሉ ዲዛይን ብቻ ነው የሠራሁት። እጄ እሱን ከለመደ በኋላ ነው ወደ ሸራው በድፍረት የገባሁት፤ መጽሐፉ ደግሞ ከዚያም በኋላ መጣ።

አለ ፈለገ ሰላም የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ካልገባሁ አይሆንልኝም ማለት ነው?

ይሆንላችኋል። ግን መግባት ከቻላችሁ ግቡ። ቺካጎ ተምረው የመጡት አለ ፈለገ ሰላም በ1950 ዓ.ም. የመሠረቱት ትምህርት ቤት ነው፤ ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ሆኖ በስማቸው ይጠራል። በየቀኑ ሰው ፊት ለፊት አስቀምጦ መሣል፣ ሥራችሁን ግድግዳ ላይ ሰቅላችሁ ከሠላሳ ሰው አስተያየት መስማት፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ሃያ ዓመት አብረዋችሁ የሚቆዩ ጓደኞች፤ ይሄን ብቻችሁን ቤት ቁጭ ብላችሁ አታገኙትም።

እኔ የተማርኩት አካውንቲንግ ነው። ዲዛይንን ያወቅሁት ማተሚያ ቤት ተቀጥሬ ነው። መጀመሪያ ፊደል ለቀማ፣ ከዚያ ሌይአውት (የገጽ ንድፍ)፣ ከዚያ ሽፋን። ማታ ማታ ደግሞ አንድ ሠዓሊ ጋ እየሄድኩ በእርሳስ ብቻ ሁለት ዓመት ሣልኩ። "ቀለም ገና ነሽ" ይሉኝ ነበር። እጃቸው ይባረክ።

ለምን ከተማ ዳር ትኖሪያለሽ? ሥራው ያለው መሐል ከተማ አይደል እንዴ?

መጀመሪያ የመጣሁት በኪራይ ምክንያት ነው። መሐል ከተማ አንድ ክፍል በምከራይበት ብር እዚህ ሁለት ክፍልና ትንሽ ግቢ አገኘሁ። አከራዬ ግቢው ውስጥ የተጣለውን የቆርቆሮ ዳስ "ለሥራሽ ተጠቀሚበት ልጄ" አሉኝ። ስቱዲዮዬ እሱ ነው።

ችግሩ ብዙ ነው። ክረምት ላይ ከአስፋልቱ እስከ ቤቴ ጭቃ ነው። ሸራ ይዤ ታክሲ ስገባ ለሸራውም ወንበር እከፍላለሁ፣ ወያላው ደህና ሰው ከሆነ በግማሽ ሂሳብ ያልፈኛል። ጠዋት ከአንድ ሰዓት በኋላ ከወጣሁ የኮተቤ መንገድ ተዘግቶ መገናኛ ስደርስ ረፋድ ይሆናል። ስለዚህ ቀጠሮዎቼን በሙሉ ማክሰኞና ሐሙስ አድርጌያቸዋለሁ። ደንበኛ የሌላ ቀን ካለኝ በስልክ እንነጋገራለን።

መብራት ይጠፋል። ይሄኛው ግን ሥራዬን ሠርቶታል ብል አላጋነንኩም። በመጀመሪያው ዓመት መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተሩ ፊት ቁጭ ብዬ እናደድ ነበር። በኋላ ልማዴን ቀየርኩ። መብራት ካለ ዲዛይን። ቀን ላይ ከጠፋ ሸራውን ወደ በሩ አስጠግቼ በፀሐይ መሣል። ማታ ከጠፋ ሻማ ለኩሼ በእጄ መጻፍ። ቀስ በቀስ ሦስቱ ሥራዎች የየራሳቸውን ሰዓት ያዙ። የመጀመሪያዋን የልጆች መጽሐፌን አብዛኛውን የጻፍኩት በሻማ ነው፤ ደብተሩ ላይ የሰም ጠብታ አለበት፣ አስቀምጬዋለሁ።

ሌላው ደግሞ እዚህ የማየው ነገር ነው። ከተማው ሲሰፋ ፊት ለፊቴ ነው የሚሰፋው። ትናንት ጤፍ የነበረበት ቦታ ዛሬ ብሎኬት ተደርድሮበታል፣ በሚቀጥለው ዓመት ሱቅ ይሆናል። የሱቁ ባለቤት ደግሞ ታፔላ ያሠራኛል። እሑድ እሑድ ከሰፈር ልጆች ጋር ወደ ዋሻ ሚካኤል እንወጣለን፤ ከአለት የተፈለፈለው ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን እዚሁ የካ ተራራ ላይ ነው። ሰው ላሊበላ ድረስ ሄዶ የሚያየውን የአለት ሥራ እኛ በእግራችን ወጥተን እናየዋለን። ልጆቹ ደብተር ይይዛሉ፣ የሣሉትን ያሳዩኛል።

እንጀራሽ ከየትኛው ነው?

ከዲዛይን። በግልጽ ልንገራችሁ፣ የቤት ኪራዬንና አስቤዛዬን የሚሸፍነው እሱ ነው። ሥዕል በዓመት ጥቂት ይሸጣል፣ ሲሸጥ ደህና ብር ነው፣ ግን መቼ እንደሚሸጥ አይታወቅም። መጽሐፍ ወጪውን ከመለሰ ጥሩ ነው። ስለዚህ በሥዕሉ ገንዘብ ኪራይ አልከፍልም፤ እሱን ለቀለምና ለሚቀጥለው መጽሐፍ ማሳተሚያ አስቀምጠዋለሁ። ይሄን ካደረግኩ በኋላ ገዢ ይወደው ይሆን ብዬ መሣል አቆምኩ።

ዋጋ እንዴት ትተምኛለሽ? እኔ "ስንት ነው?" ሲሉኝ ምላሴ ይታሰራል።

የኔም ይታሰር ነበር። አሁን የምሠራው እንዲህ ነው። ሥራው ስንት ቀን እንደሚወስድ አሰላለሁ፣ በዚያ ላይ የማስተካከያ ጊዜ እጨምራለሁ። ማስተካከያው ሁለት ዙር ብቻ ነው፤ ከዚያ በላይ ከሆነ ይከፈላል። ይሄንን ከመጀመሬ በፊት በጽሑፍ እልካለሁ። ግማሹን ቀብድ ሳልቀበል እርሳስ አላነሳም።

ይሄንን ያስተማረኝ አንድ ሥራ ነው። ስሙን የማልጠቅሰው አንድ ድርጅት ሎጎ አሠራኝ። ሦስት አማራጭ ላክሁ። "ቦርዱ ይየው" አሉ፣ ከዚያ ስልክ ማንሳት ተዉ። ከስምንት ወር በኋላ በታክሲ ሳልፍ ሁለተኛው አማራጭ ባነር ላይ ተሰቅሎ አየሁት። ወረድኩና ቆሜ አየሁት። ቀለሙን ብቻ ቀይረውታል። የዚያን ቀን ማታ ነው የመጀመሪያውን የውል ወረቀቴን የጻፍኩት።

ከተቋማት ጋር መሥራት ከፈለጋችሁ ደግሞ ንግድ ፈቃድ፣ ቲን ነምበርና ደረሰኝ ያስፈልጋችኋል። ፕሮፎርማ ሲጠይቋችሁ አትደንግጡ፣ አንድ ገጽ የዋጋ ማቅረቢያ ነው። ብዙ ጎበዝ ልጆች በሥራ ሳይሆን በወረቀት እጦት ሲወድቁ አይቻለሁ።

ሥራዬን ቢሰርቁኝስ? መጀመሪያ ማስመዝገብ አለብኝ?

የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996ን አንድ ጊዜ ቁጭ ብላችሁ አንብቡት። በ2007 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 872 ተሻሽሏል። መብቱ የሚገኘው ሥራው ወጥ ሆኖ ሲፈጠርና ወረቀትም ይሁን ፋይል ላይ ሲሰፍር ነው፤ ምዝገባ ቅድመ ሁኔታ አይደለም። የሚቆየው በሕይወት ዘመናችሁና ከሞታችሁ በኋላ ለ50 ዓመት ነው። ያም ሆኖ በአእምሯዊ ንብረት መሥሪያ ቤቱ ማስመዝገብ ክርክር ሲመጣ ማስረጃ ይሆናችኋል። ረቂቁን፣ ቀኑን፣ የተላላካችሁትን መልእክት አታጥፉ።

ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር ግን ይሄ ነው። ተቀጥራችሁ ወይም በትእዛዝ የሠራችሁት ሥራ፣ በውል ሌላ ነገር ካልተስማማችሁ በቀር፣ ባለቤቱ ቀጣሪው ወይም አዛዡ ነው። ስለዚህ "ሥዕሉን ለሽፋን ትጠቀሙበታላችሁ፣ ኦሪጅናሉና ሌላው መብት የኔ ነው" የሚል መስመር ውላችሁ ውስጥ ይግባ። አንዲት መስመር ናት።

መጽሐፌን ራሴ ማሳተም እፈልጋለሁ። ከየት ልጀምር?

ከአርታዒ። ሽፋን ዲዛይነር ሆኜ ይሄን ስላችሁ እመኑኝ። ያልታረመ መጽሐፍ ቆንጆ ሽፋን አያድነውም።

ከእርማት በኋላ ወደ ገጽ ንድፍ ትሄዳላችሁ። ከመሄዳችሁ በፊት ጽሑፉ በዩኒኮድ፣ የትኛውም ኮምፒውተር በሚያነበው የፊደል ኮድ ማለት ነው፣ መጻፉን አረጋግጡ። በድሮዎቹ የግዕዝ ሶፍትዌሮች የተጻፈ ፋይል ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት የማይነበብ ምልክት ይሆናል፤ 200 ገጽ እንደገና ያስተየበ ደራሲ አውቃለሁ። መለያ ቁጥሩን፣ አይኤስቢኤን የሚባለውን፣ የምታወጡት ከወመዘክር፣ ከብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት ነው። አስቀድማችሁ አውጡት፣ ሽፋኑ ጀርባ ላይ መግባት አለበት።

የገጹን ብዛት በዘፈቀደ አትተዉት። መጽሐፍ በትልቅ ወረቀት ይታተምና ይታጠፋል፤ አንዱ ወረቀት ታጥፎ ብዙ ጊዜ 16 ገጽ ይሆናል። 160 ገጽ ልክ 10 ወረቀት ነው። 163 ሲሆን ለሦስት ገጽ ብላችሁ ለተጨማሪ ፕሌት (የማተሚያ ሰሌዳ) እና ወረቀት ትከፍላላችሁ። እኔ ብዙ ጊዜ የደራሲን ገንዘብ ያዳንኩት የፊደሉን መጠን በግማሽ ነጥብ ዝቅ በማድረግ ነው። ስክሪን ላይ የሚያበራው አረንጓዴና ብርቱካናማ ደግሞ ወረቀት ላይ ይደበዝዛል፣ ማተሚያው በአራት ቀለም ነውና የሚሠራው። ናሙና ሳታዩ "ይታተም" ብላችሁ አትፈርሙ። ወረቀቱ በአብዛኛው ከውጭ ስለሚመጣ የምትቀበሉት ፕሮፎርማ የሚጸናው ለጥቂት ቀን ነው፤ ገንዘቡ ሳይሟላ ዋጋ መሰብሰብ ትርፉ ድካም ነው።

ሽያጩ ከሁሉም ይከብዳል። የመጀመሪያ መጽሐፌን 1,000 ቅጂ አሳተምኩ። ምረቃው ደመቀ፣ ዘመድ ገዛ፣ ጓደኛ ገዛ፣ ከዚያ ቆመ። 400 ቅጂ ሁለት ዓመት ሙሉ አልጋዬ ሥር ተቀመጠ። የሸጡልኝ መጽሐፍ አዟሪዎች ናቸው። አንዱ ሽፋኑን ከሩቅ አየና "እህቴ፣ ርእሱ አይታይም እኮ" አለኝ። ልክ ነበር። እኔ ሽፋኑን የሠራሁት እጁ ላይ ይዞ ለሚያይ ሰው ነው፣ እሱ ደግሞ በክንዱ ላይ አሥራ አምስት መጽሐፍ ደርድሮ በመኪና መስኮት ነው የሚያሳየው። ሁለተኛውን እትም ርእሱን አጉልቼ አሳተምኩት። ከዚያ ወዲህ ማንኛውንም ሽፋን ከመጨረሴ በፊት አትሜ ግድግዳ ላይ ለጥፌ ከስድስት እርምጃ አየዋለሁ።

የአማርኛ ፎንት የት ይገኛል? ለምን ይሄን ያህል ጥቂት ሆነ?

በነፃ ፈቃድ የሚገኙ አሉ። ኖቶ ኢትዮፒክ እና አቢሲኒካ ለመጽሐፍ ውስጥ ገጽ እጠቀምባቸዋለሁ። የማነሱ ምክንያት ድካሙ ነው። 33ቱ ፊደላት በሰባት ሲባዙ 231 ናቸው፣ እንደ "ቋ" ያሉት ዲቃሎች፣ አኃዞቹና ሥርዓተ ነጥቦቹ ገና አልተቆጠሩም። አንድ ላቲን ፎንት ለመጀመር 26 ትልልቅና 26 ትንንሽ ፊደል ይበቃል። የኛን የሚሠራ ሰው ሁለት ዓመት ይቀመጣል። ስለዚህ በሐበሻ ሰው የተሠራ ፎንት የሚሸጥ ካገኛችሁ በገንዘባችሁ ግዙት። እባካችሁ።

እኔም አንድ ጀምሬያለሁ፣ መነሻዬ የሰፈራችን የታፔላ ጽሑፍ ነው። በብሩሽ የሚጽፉት ሽማግሌዎች "ጨ"ን እግሯን እንዴት እንደሚዘረጓት ብታዩ! "ጨ" ላይ ብቻ ሦስት ሳምንት ፈጀሁ።

ሸራና ቀለም ከየት ታገኛለሽ?

ጥሩው ቀለም ከውጭ ነው የሚመጣው፣ ውድ ነው። ውጭ የሚሄድ ሰው ካለ አስመጣለሁ። ሸራውን ግን ራሴ እሠራለሁ። ከመርካቶ ወፍራም አቡጀዴ እገዛለሁ፣ ፍሬሙን የሰፈር አናጢ ይሠራልኛል፣ ወጥሬ በኮላና በጄሶ ሁለት ሦስት ጊዜ እቀባዋለሁ። እንጨቱ በደንብ የደረቀ መሆን አለበት። እርጥብ ከሆነ በበጋ ይጣመምና ሥዕላችሁን ይዞት ይጣመማል። ለቅንብር ሥራ የሚሆን ቁልፍ፣ ሽቦ፣ የጣሳ ክዳን ስፈልግ መርካቶ ያለው የአሮጌ ዕቃ ገበያ፣ ምናለሽ ተራ እሄዳለሁ፤ ሄጄ ባዶ እጄን ተመልሼ አላውቅም።

ኤአይ (ሰው ሠራሽ አስተውሎት) ሥራሽን አይወስድብሽም?

ርካሽ ሎጎ የሚፈልጉ ደንበኞች ቀንሰዋል፣ እውነት ነው። ግን እስካሁን ባየኋቸው፣ በኤአይ በተሠሩ የአማርኛ ፊደል ባለባቸው ምስሎች ላይ ፊደሉ የተበላሸ ነው፤ ያማረ ሥዕል ይሠራና ሥሩ የማይነበብ ጽሑፍ ያስቀምጣል። ነገ ሊስተካከል ይችላል። እኔ ጭራሮ የሚያወርዱትን እናቶች ወሬ ለመስማት ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት መንገድ ላይ እቆማለሁ፤ ጊዜዬን እዚያ ላይ ነው ማዋል የምፈልገው።

ቤተሰብሽ ምን አሉ?

እናቴ ለረጅም ጊዜ ለሰው ስታስተዋውቀኝ "አካውንታንት ናት" ትል ነበር። አላስቀየመችኝም፣ የሷ ጭንቀት ነው። የልጆቹ መጽሐፍ ሲወጣ ግን የእህቴ ልጅ ጮክ ብሎ አነበበላት። አባይነሽ የምትባለዋ አህያ ወንዝ የምትሻገርበት ገጽ ላይ ሲደርስ እናቴ "ይቺ የኛ ሰፈር አህያ ናት!" አለች። አሁን ለጎረቤት የምትሰጠው እሷ ናት፣ እኔን ሳትጠይቅ ከካርቶኑ እያነሳች።

ስቱዲዮሽን መጥቼ ማየት እችላለሁ?

ትችላላችሁ፣ ቅዳሜ ከሰዓት። ቀድማችሁ ግን መልእክት ላኩልኝ። ከመገናኛ የካራ ታክሲ ያዙ፣ ስትወርዱ ደውሉ፣ ከሰፈር ልጆች አንዱ መጥቶ ያመጣችኋል። ክረምት ከሆነ ቦቲ አድርጉ። ሥራ ካላችሁ ይዛችሁ ኑ፣ በስልክ የተነሳ ፎቶ ሳይሆን ወረቀቱን ራሱን። ቡናው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይፈላል።